ያልሮጠ ማይግሬሽን ዳታቤዙን ሳይነካ ምን እንደሚሰራ እንዴት ይታያል?

ጥያቄሽን ለሌላ አንባቢም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመውና ልቀጥል። ሀዋሳ ላሉ ፔንሲዮኖች የተሰራ የአልጋ ቡኪንግ ሲስተም ነው የያዝሽው፣ ጃንጎ በሚባለው የፓይተን ፍሬምወርክ የተሰራ፣ ዳታቤዙ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ ነው ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ግን ኤስኪውላይት። አብሮሽ ይሰራ የነበረው ልጅ አዲስ አበባ ስራ አግኝቶ ሲሄድ ከ0012 እስከ 0015 ያሉ አራት ማይግሬሽኖች፣ ማለትም የዳታቤዙን ቴብሎች ወይ ዳታ የሚቀይሩ ፋይሎች፣ ፑሽ አድርጎ ነው የሄደው። ላፕቶፕሽ ላይ ማይግሬት ስትዪ ሁሉም ኦኬ ብሎ አለፈ፣ ግን ሰርቨሩ ላይ የእንግዶች ዳታ ስላለ ቀድመሽ ምን እንደሚነካ ማየት ፈለግሽ። አራቱንም ፋይል ስለለጠፍሻቸው በጣም ጥሩ አደረግሽ፣ በእነሱ ላይ ነው የምመልስልሽ።

አዎ ይቻላል፣ ጃንጎ ለዚህ በቂ ኮማንድ አለው። ግን እህቴ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይያዝልኝ፣ የትኛው ማይግሬሽን አልሮጠም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፣ ምን ኤስኪውኤል (ለዳታቤዙ የሚሰጥ ትእዛዝ) ይልካል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ያለውን ዳታ ምን ያደርገዋል የሚለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ሶስቱንም ያየ ይመስለዋል፣ ያንቺ 0014 ደግሞ በትክክል እዚህ ክፍተት ውስጥ የተቀመጠ ማይግሬሽን ነው፣ ስንደርስ ታዪዋለሽ።

መጀመሪያ ሾውማይግሬሽንስ። ፓይተን ማኔጅ ዶት ፓይ ሾውማይግሬሽንስ ብለሽ የአፑን ስም ስትጨምሪበት ዝርዝሩን ያወጣልሻል፣ ኤክስ ያለበት ሮጧል፣ ባዶው አልሮጠም። የድሮ ቱቶሪያል ላይ ማይግሬት --ሊስት ሲሉ ካየሽ እሱ ነው፣ ጃንጎ ውስጥ ማይግሬሽን ራሱ የገባው በ1.7 እ.ኤ.አ. 2014 ላይ ነው፣ ዝርዝሩ በ1.8 የራሱ ኮማንድ ሆነ። --ቨርቦሲቲ 2 ብትዪው መቼ እንደሮጡም ይነግርሻል፣ ይሄ ሰው ለቆ ሲሄድ በጣም ይጠቅማል ምክንያቱም ልጁ ሰርቨሩ ላይ መጨረሻ መቼ እንደነካ ታውቂያለሽ። ግን ኤክሱን ከልክ በላይ አትመኚው። ጃንጎ ይሄን የሚያነበው ዳታቤዙ ውስጥ ካለው ጃንጎ_ማይግሬሽንስ ከሚባለው ቴብል ነው፣ ቴብሉ ደግሞ የአፕ ስም፣ የማይግሬሽን ስምና ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው፣ እውነተኛው ቴብል በትክክል መቀየሩን ሄዶ አያይም። አንድ ሰው በሆነ ቀን ቸኩሎ --ፌክ ብሎ ከሆነ፣ ሳይሮጥ እንደሮጠ መዝግበው ማለት ነው፣ ኤክሱ አለ፣ ኮለሙ ግን የለም። ስለዚህ 0011 ላይ ኤክስ ካየሽ ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ኮማንድ መስመር) ገብተሽ የጌስት ቴብሉን ኮለሞች ከሞዴሉ ጋር አስተያዪያቸው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይሄን ሁሉ የት ሆነሽ ነው የምትሰሪው? ያው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ያልሮጠው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው የሰርቨሩ ዳታቤዝ ነው፣ ላፕቶፕሽ ላይ አራቱም ኤክስ አላቸው። ግን ሲስተሙ የሚሰራበት ፎልደር ውስጥ ገብተሽ ጊት ፑል እንዳትዪ። ኮዱ ከተቀየረና በሆነ ምክንያት ሰርቪሱ ሪስታርት ካደረገ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስም ሊሆን ይችላል፣ አዲሱ ኮድ አሮጌው ቴብል ላይ ይነሳል፣ ከዛ 0012 የሚጨምረው ፎን_ነምበር የሚባል ኮለም የለም እያለ ሪሴፕሽኗ ላይ ስክሪኑ ሙሉ ኤረር ይሆናል። ሌላ ፎልደር ፍጠሪና አዲሱን ኮድ እዛ ክሎን አድርጊ፣ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ለብቻው፣ የዳታቤዝ ሴቲንጉ ግን ያው የሰርቨሩ። ሾውማይግሬሽንስ፣ ማይግሬት --ፕላን እና ኤስኪውኤልማይግሬት ሶስቱም ቴብሎችሽን አይነኩም፣ አንብበው ነው የሚያሳዩሽ። ከቻልሽ ደግሞ ለዚህ ስራ ማንበብ ብቻ የሚችል የፖስትግሬስ ዩዘር ፍጠሪ፣ ያኔ ጣትሽ ስቶ --ፕላን ሳትጨምሪ ኢንተር ብትዪ እንኳን ዳታቤዙ እምቢ ይላል። እኔ ይሄን ሁሌ ነው የምመክረው፣ ሰው በኮማንድና በኮማንድ መሀል ሲደክም የሚረሳው ያቺን አንዷን ቃል ነው።

አሁን ማይግሬት --ፕላን። ይሄ ጃንጎ 2.2 ላይ ነው የመጣው፣ እ.ኤ.አ. 2019፣ ከሾውማይግሬሽንስ --ፕላን ጋር ሰው ያምታታቸዋል። ሾውማይግሬሽንስ --ፕላን የሮጡትንም ያልሮጡትንም በየተራቸው የፋይል ስም ብቻ ይዘረዝራል፣ ማይግሬት --ፕላን ግን ያልሮጡትን ብቻ ወስዶ እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ ምን ኦፕሬሽን እንዳለ በንባብ ያወጣልሻል። ያንቺ ላይ 0012 ስር ሁለት መስመር ነው የሚመጣው፣ አንዱ ከጌስት ላይ ፎን የሚባለውን ፊልድ አጥፋ፣ ሁለተኛው ጌስት ላይ ፎን_ነምበር የሚባል ፊልድ ጨምር።

እዚች ጋ ቁሚ። ልጁ ሊሰራ የፈለገው የፊልዱን ስም መቀየር ነው፣ ከፋይሉም ከሞዴሉም ያስታውቃል። ግን ሜክማይግሬሽንስ (ማይግሬሽን ፋይሉን የሚጽፈው ኮማንድ) ሲሮጥ ጃንጎ አሮጌው ፊልድ ጠፍቶ አዲስ ሲመጣ «ስሙን ቀይረኸው ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከስሙ በቀር ፊልዱ ያው ከሆነ ብቻ ነው፣ ያኔም ዲፎልት መልሱ አይደለም ነው። ልጁ ርዝመቱንም አብሮ ከቀየረ ጭራሽ አይጠይቀውም፣ ሲጠይቅም ኢንተር ብሎ ካለፈ ወይ ደግሞ --ኖኢንፑት ብሎ ከሮጠ ያው ነው፣ ጃንጎ እንደ ስም ለውጥ አይቆጥረውም፣ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ባዶውን ይፈጥራል። ፖስትግሬስ ላይ ሲወጣ ድሮፕ ኮለም ፎን ካስኬድ ነው የሚለው። የእንግዶቹ ስልክ ቁጥር በሙሉ ሄደ ማለት ነው፣ አዲሱ ኮለም ባዶ ስትሪንግ ይዞ ይቀመጣል፣ ማይግሬሽኑም ኦኬ ይላል። ላፕቶፕሽ ላይ ኦኬ ያለሽም ለዚህ ነው፣ እዛ ያሉት የሙከራ እንግዶች ናቸው፣ ስልካቸው ቢጠፋ ማንም አያይም። ማጥፋትና መጨመር አንድ ፋይል ውስጥ ተከታትለው ካየሽ፣ ዓይነታቸውም ከተመሳሰለ፣ ሁሌም ስም ለውጥ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ስላልሮጠ ፋይሉን መቀየር ይቻላል። ላፕቶፕሽ ላይ ወደ 0011 መልሺው፣ 0014 አልመለስም ካለሽ ደግሞ የኤስኪውላይት ፋይሉን አጥፍተሽ ከዜሮ አስነሺው፣ የሙከራ ዳታ ነው ያለው። ከዛ 0012 ውስጥ ሪሙቭፊልድና አድፊልድ የሚሉትን ሁለቱን አውጥተሽ በአንድ ሪኔምፊልድ ተኪያቸው። ልጁ ርዝመቱንም ከ10 ወደ 13 አድርጎታል፣ በ09ና በ07 የሚጀምረው አስር አሃዝ ነው፣ ከነ ፕላስ 251 ሲጻፍ 13 ይሆናል፣ ትክክል ነው፣ ስለዚህ ከሪኔሙ ቀጥሎ አንድ ኦልተርፊልድ ጨምሪ። ከዛ ሜክማይግሬሽንስ --ቼክ በዪ፣ የጎደለ ለውጥ የለም ካለሽ ፋይልሽና ሞዴልሽ ተስማምተዋል። ጃንጎሽ ከ4.2 በፊት ከሆነ --ቼክ ብቻውን ፋይል ሊፈጥርብሽ ስለሚችል --ድራይረንም ጨምሪበት። ርዝመት መጨመር ደግሞ ፖስትግሬስ ላይ ምንም አይደለም፣ ቴብሉን እንደገና አይጽፈውም፣ መቀነስ ቢሆን ነበር የሚያሳስበው።

ቀጥሎ ኤስኪውኤልማይግሬት። የአፑን ስምና የማይግሬሽኑን ቁጥር ትሰጪዋለሽ፣ ዳታቤዙ ላይ የሚልከውን ኤስኪውኤል ይጽፍልሻል፣ --ባክዋርድስ ካልሽው ደግሞ ለመመለስ የሚልከውን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ይሄ ኮማንድ የሚጽፈው ሴቲንግስ ላይ ባለው ዳታቤዝ ቋንቋ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ ብትሮጪው የምታዪው የኤስኪውላይት ኤስኪውኤል ነው። ኤስኪውላይት ብዙ አይነት ኦልተር ቴብል ስለማይችል ጃንጎ ምን ያደርጋል፣ ስሙ በኒው የሚጀምር አዲስ ቴብል ይፈጥራል፣ ዳታውን እዛ ይገለብጣል፣ አሮጌውን ድሮፕ ያደርጋል፣ አዲሱን በአሮጌው ስም ይጠራዋል። ይሄን ያየ ሰው ወይ ይደነግጣል ወይ ደግሞ ሰርቨሩም እንደዛ የሚሰራ ይመስለዋል፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ፖስትግሬስ ላይ ያው ማይግሬሽን አንድ ወይ ሁለት መስመር ኦልተር ቴብል ነው። ሌላም ምክንያት አለ፣ ኮንስትሬይንት (ቴብል ላይ የተጣለ ገደብ) የሚያነሳ ማይግሬሽን ከሆነ ጃንጎ የኮንስትሬይንቱን ስም ከዳታቤዙ ጠይቆ ነው የሚያመጣው፣ ስለዚህ ራሱ ያ ዳታቤዝ ወይ የእሱ ኮፒ ያስፈልጋል። በኔ እምነት ሰርቨሩ ፖስትግሬስ የሆነ ሰው ላፕቶፑ ላይም ፖስትግሬስ መጫን አለበት፣ ቨርዥኑም አንድ አይነት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ይሄን ለነገ የምታስተላልፊው ነገር አታድርጊው።

የሚወጣው ኤስኪውኤል ቢጊን ብሎ ጀምሮ ኮሚት ብሎ ሲያልቅ ካየሽ ማይግሬሽኑ በሙሉ አንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ነው፣ መሀል ላይ ኤረር ቢመጣ ወይ ኔትወርክ ቢቋረጥ ያ ማይግሬሽን ጭራሽ እንዳልተነካ ሆኖ ይመለሳል። ፖስትግሬስም ኤስኪውላይትም እንዲህ ናቸው። ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ሌሎች አንባቢዎች ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ እዛ ኦልተር ቴብል በራሱ ኮሚት ያደርጋል፣ አምስት ኦፕሬሽን ያለው ማይግሬሽን ሶስተኛው ላይ ቢወድቅ ሁለቱ ገብተዋል፣ ጃንጎ ግን እንደ አልሮጠ ነው የሚያየው፣ ደግማችሁ ስትሮጡት ኮለሙ አለ ብሎ ይወድቃል።

0013ን እንየው። ቡኪንግ ላይ የክፍያ አይነት የሚል ኮለም ይጨምራል፣ ዲፎልቱ ካሽ። ከፍጥነት አንጻር ምንም ችግር የለውም፣ ከፖስትግሬስ 11 ጀምሮ ቋሚ ዲፎልት ያለው ኮለም ሲጨመር ቴብሉ እንደገና አይጻፍም። ግን ኤስኪውኤሉን በደንብ ካነበብሽው ሁለት መስመር ነው፣ የመጀመሪያው ኮለሙን ከነ ዲፎልቱና ከኖት ነል (ባዶ መሆን አይችልም) ጋር ይጨምራል፣ ሁለተኛው ዲፎልቱን ያነሳዋል። ጃንጎ ዲፎልቱን በፓይተን በኩል ነው የሚይዘው፣ ዳታቤዙ ላይ አይተወውም። ውጤቱ ምንድነው፣ ማይግሬት ካልሽበት ደቂቃ ጀምሮ አዲሱ ኮድ እስኪነሳ ድረስ አሮጌው ኮድ ቡኪንግ ልመዝግብ ካለ ኮለሙን ስለማያውቀው ባዶ ይልካል፣ ዳታቤዙ ኖት ነል ነው ብሎ ይመልሰዋል። አንድ ደቂቃም ትሁን በዛች ደቂቃ ሪሴፕሽን ላይ የቆመ እንግዳ ይኖራል። ጃንጎ 5.0ና ከዛ በላይ ከሆንሽ ዲቢ_ዲፎልት የሚል አለ፣ እሱ ዳታቤዙ ላይ ይቀራል፣ በሱ ቀይሪው። ካልሆንሽ ነል ይሁን ብለሽ ጨምሪው።

እኔ ግን በሌላ ምክንያትም ነል የሚለውን ነው የምመርጠው። አሮጌዎቹ ቡኪንጎች በሙሉ ካሽ የሚል ይጻፍባቸዋል እኮ። ቴሌብር እ.ኤ.አ. 2021 ከመጣ ወዲህ ስንቱ እንግዳ በስልኩ እየከፈለ ነው የሚገባው፣ የባንክ ትራንስፈሩን ሳትቆጥሪ። ባለቤቷ በአመቱ መጨረሻ በካሽ ስንት ገባ ብላ ሪፖርት ስታወጣ ሲስተሙ ያልሆነውን ነው የሚነግራት፣ ማንም ደግሞ ከማይግሬሽን መጣ ብሎ አይጠረጥርም። አላውቅም ማለት ለሚገባው ቦታ ዲፎልት አይሰጥም። ይሄን ምንም ኮማንድ አያሳይሽም፣ ፕላኑን እያነበብሽ ባለቤቷን መጠየቅ ነው ያለብሽ።

0014 ደግሞ ይሄው። ኤስኪውኤልማይግሬት ስትዪው ባዶ የሚያክል ነገር ነው የሚመጣልሽ። መጀመሪያ ኦልተርፊልድ አለ፣ የእንግዳው ክልል የሚመረጥበት ዝርዝር ላይ ሲዳማን ጨምሯል፣ ቾይስስ መቀየር ዳታቤዙን ስለማይነካ ኖ-ኦፕ (ምንም የማይሰራ) ነው። ቀጥሎ ያለው ረንፓይተን ነው፣ የፓይተን ፈንክሽን የሚያስሮጥ ኦፕሬሽን፣ ለሱ ደግሞ ይሄ ኦፕሬሽን በኤስኪውኤል ሊጻፍ አይችልም የሚል ኮመንት ብቻ ነው የሚያወጣው። ማይግሬት --ፕላንም ከዚህ ብዙ አይሻልም፣ ሮው ፓይተን ኦፕሬሽን ይልና ፈንክሽኑ ዶክስትሪንግ (ውስጡ የተጻፈ ማብራሪያ) ካለው እሱን ያሳያል፣ ልጁ ዶክስትሪንግ አልጻፈም። ስለዚህ ከአራቱ በኮማንድ ሲታይ ምንም የማይሰራ የሚመስለው እሱ ነው፣ ፋይሉ ሲከፈት ደግሞ ከሁሉም በላይ ዳታ የሚቀይረው እሱ ነው። ክልሉ ደቡብ የሚለውን እንግዳ በሙሉ ሲዳማ ያደርገዋል፣ በአንድ መስመር አፕዴት።

ሀሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሀዋሳ ቁጭ ብሎ ለሚያስብ ሰው ደቡብ የነበረው ሲዳማ ሆነ። ግን እንግዶችሽ የሀዋሳ ሰዎች አይደሉም፣ የሀዋሳ ሰውማ ቤቱ ነው የሚያድረው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሲሆን የቀረው ደቡብ እንዳለ ነበር፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ፣ በ2015 ነሐሴ ላይ ደግሞ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ከአርባ ምንጭና ከወላይታ ሶዶ የመጣው ደቡብ ኢትዮጵያ ነው፣ ከሆሳዕና የመጣው ማዕከላዊ፣ ከቦንጋ የመጣው ደቡብ ምዕራብ። ይሄ ማይግሬሽን ሁሉንም ሲዳማ አድርጎ ይጽፋቸዋል፣ አንዴ ከጻፈ ደግሞ የቱ ከየት እንደነበር መለየት አይቻልም፣ ምክንያቱም በትክክል ሲዳማ ከተባለው ጋር ይቀላቀላል። ረንፓይተኑ ሪቨርስ ፈንክሽንም የለውም፣ መልሺው ብትዪው ኢሪቨርሲብል ነው የሚልሽ። የከተማ ኮለም ስላለሽ ከከተማው ተነስቶ መደልደል ይቻላል፣ ከተማው ባዶ የሆነውን ግን እንዳለ ደቡብ ብሎ መተው ነው፣ ዝርዝሩ ላይም «ደቡብ - የቀድሞ» ብለሽ ማቆየት ትችያለሽ።

ረንፓይተን ያለበትን ማይግሬሽን በሙሉ ፋይሉን ከፍተሽ መስመር በመስመር አንብቢ፣ ሌላ ቅድመ እይታ የለውም። ስታነቢ ሞዴሉን በቀጥታ ኢምፖርት አድርጎ ከሆነም አስተካክዪው፣ አፕስ ዶት ጌት_ሞዴል ብሎ ነው መውሰድ ያለበት፣ አለዚያ ነገ ሞዴሉ ሲቀየር ማይግሬሽኑ በዛን ጊዜ ያልነበረ ኮለም ይፈልጋል።

0015 ኢንዴክስ ነው፣ ፍለጋ የሚያፈጥን ማውጫ፣ የመግቢያ ቀን ላይ። ክሬኤት ኢንዴክስ ፖስትግሬስ ላይ ሰርቶ እስኪጨርስ ማንበብ ይፈቅዳል መጻፍ ግን ይከለክላል። ለትልቅ ቴብል አድኢንዴክስኮንከረንትሊ የሚባል ኦፕሬሽን አለ፣ ከጃንጎ 3.0 ጀምሮ፣ ማይግሬሽኑ ላይ አቶሚክ ፎልስ ማለት ይፈልጋል። ያንቺ ቴብል ግን የፔንሲዮን ቡኪንግ ነው፣ ኢንዴክሱ ሳትተነፍሺ ያልቃል፣ እንዳለ ተዪው፣ ያላስፈለገ ነገር አትጨምሪበት።

የትንሽ ቴብልም ችግር የሚሆነው የሎክ (ቴብሉን ይዞ የመቆየት) ወረፋ ነው፣ ይሄን ኤስኪውኤሉ ላይ ማየት አይቻልም። ኦልተር ቴብል ሲመጣ ማንም እንዳይነካው ብሎ ነው ሎክ የሚጠይቀው። ያ ቴብል ላይ ገና ያላለቀ አንድ ረጅም ንባብ ካለ ኦልተሩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ከኦልተሩ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች በሙሉ ደግሞ ከኦልተሩ ኋላ ይሰለፋሉ፣ ማንበብ ብቻ የፈለጉትም ሳይቀሩ። ሲስተሙ ተሰቀለ የሚባለው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ረጅሙ ንባብ ማን ነው ካልሽ በክሮን (ስራ በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳው ፒጂዳምፕ ነው፣ ባክአፑ። እስኪያልቅ የሁሉንም ቴብል የንባብ ሎክ ይዞ ነው የሚቆየው። ስለዚህ የባክአፕሽን ሰዓት እዪ፣ በዛ ሰዓት ማይግሬት አትበዪ። ለጥንቃቄ ደግሞ ማይግሬት ከማለትሽ በፊት ፒጂኦፕሽንስ በሚለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ሎክ_ታይምአውት 5 ሰከንድ ብለሽ ስጪው፣ በአምስት ሰከንድ ሎኩን ካላገኘ ማይግሬሽኑ ይወድቃል፣ ሲስተሙ አይሰቀልም፣ ቆይተሽ ትደግሚዋለሽ።

እንግዲህ ኮማንዶቹ እዚህ ድረስ ነው የሚወስዱሽ፣ የቀረውን የሚያሳይሽ ኮፒ ዳታቤዝ ነው። ፒጂዳምፕ አድርጊ፣ እዛው ሰርቨር ላይ ሌላ ስም ያለው ዳታቤዝ ፍጠሪ፣ ፒጂሪስቶር አድርጊበት። ዳምፑን በፍላሽ ይዘሽ አትውጪ፣ ላፕቶፕሽ ላይም አታስቀምጪው፣ የእንግዳ ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ነው ውስጡ ያለው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የህግም ጉዳይ ነው። አዲሱን ፎልደርሽን ወደ ኮፒው አዙሪውና ከመሮጥሽ በፊት ቁጠሪ፣ ስንት እንግዳ አለ፣ ስልኩ ባዶ ያልሆነ ስንት ነው፣ ክልል በክልል ግሩፕ ባይ አድርገሽ ስንት ስንት ነው፣ ቡኪንግ ስንት ነው። ጻፊው። ከዛ ማይግሬት በዪ፣ ታይም የሚለውን ፊት ለፊቱ አድርጊና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እዪ፣ ከዛ እነዛኑ ቁጥሮች ደግመሽ አውጪ። የድሮው 0012 ቢሮጥ ኖሮ ስልኩ ባዶ ያልሆነ የሚለው ቁጥር ዜሮ ሆኖ ነበር የምታገኚው፣ 0014 ላይ ደግሞ የደቡብ ቁጥር እንዳለ ሲዳማ ላይ ተደምሮ ታገኚው ነበር። መመለስንም እዛው ሞክሪ፣ ማይግሬት ወደ 0011 --ፕላን ስትዪ እያንዳንዱ ኦፕሬሽን ፊቱ ላይ «አንዱ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል፣ መልስ ማለት ነው፣ ይኖረዋል፣ የማይመለስ ካለ ኢሪቨርሲብል ብሎ ይጽፍልሻል። ይሄ የሚታየው ከሮጠ በኋላ ስለሆነ ነው ኮፒው ላይ የምልሽ።

አንዳንድ ሰው ኮፒ ከማድረግ ኤስኪውኤሉን ወስዶ ኮሚት የሚለውን በሮልባክ ቀይሮ ላይቩ ላይ መሮጥ ይመክራል፣ ዳታው ይመለሳል እውነት ነው፣ ሎኩ ግን እስኪመለስ ድረስ ተይዞ ነው የሚቆየው፣ ረንፓይተኑም አይካተትም። አልመክርሽም።

ጃንጎ ሳይሆን ላራቬል ላይ ላላችሁ ማይግሬት፡ስታተስ ያልሮጡትን ያሳያል፣ ማይግሬት --ፕሪቴንድ ኤስኪውኤሉን ያወጣል፣ ግን ፕሪቴንድ ሲሆን ጥያቄዎቹ ዳታቤዙ ጋ ስለማይደርሱ ማይግሬሽኑ ውስጥ ዳታ አንብቦ በሉፕ የሚቀይር ኮድ ካለ ባዶ ውጤት ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ የሚያሳያችሁ ከእውነቱ ያነሰ ነው። ሬይልስ ላይ ዲቢ፡ማይግሬት፡ስታተስ አፕና ዳውን ብሎ ይነግራችኋል፣ ኤስኪውኤሉን ቀድሞ የሚያወጣ አብሮት የመጣ ኮማንድ ግን የለውም፣ እዛ ኮፒው ላይ ሮጦ ሎጉን ማንበብ ነው።

ቀኑን በተመለከተ፣ የፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ወይ የገብርኤል ዋዜማ እንዳይሆን፣ ታህሳስ 19ም ሐምሌ 19ም አልጋ አይገኝም፣ አርብና ቅዳሜም ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ከሰዓት፣ ቼክአውት ካለቀ በኋላ ማታ ገቢ ሳይጀምር ይሻላል። ቲመክስ ውስጥ ሆነሽ ሩጪው፣ ያንቺ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሰርቨሩ ላይ ስራው ይቀጥላል። መጀመሪያ አዲስ ባክአፕ፣ ከዛ ማይግሬት --ፕላን የመጨረሻ ጊዜ፣ ኮፒው ላይ ካየሽው ጋር አንድ መሆኑን አይተሽ ማይግሬት፣ ከዛ ሰርቪሱን ወደ አዲሱ ኮድ። ሪኔሙ ስላለ አሮጌው ኮድ መሀል ላይ ፎን የሚለውን ፈልጎ ማጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ለሪሴፕሽኖቹ ቀድመሽ ደውዪላቸውና ለአስር ደቂቃ ደብተር ላይ ይመዝግቡ፣ ለሶስት ፔንሲዮን ያለ ምንም መቆራረጥ ልስራው ብለሽ ለውጡን በየደረጃው ከመከፋፈል ይሄ ይሻላል። ሲያልቅ ማይግሬት --ቼክ በዪ፣ ያልሮጠ ከቀረ ዜሮ ያልሆነ ኤግዚት ኮድ ይሰጥሻል፣ ይሄንን ዲፕሎይ ስክሪፕትሽ ውስጥም አስገቢው።

0012ን፣ 0013ንና 0014ን እንዳስተካከልሽ አዲሶቹን ፋይሎችና የፖስትግሬሱን ኤስኪውኤል እዚሁ ለጥፊያቸው፣ አያቸዋለሁ። ከኮፒው ያወጣሽውን ቁጥር መለጠፍ ትችያለሽ፣ የእንግዳ ስም ወይ ስልክ ያለበት መስመር ግን እንዳይገባ።